በካውንስል ሕንጻ ውስጥ ፍላት የገዛ ሰው መብቱና ግዴታው፦ ከሊዝ ውሉ እስከ ትሪቡናል

በእንግሊዝ አገር ከካውንስል (ከአካባቢ አስተዳደር) ሕንጻ ውስጥ ፍላት የገዛ ሰው የካውንስሉ ተከራይ መሆኑ ቀርቷል፤ ነገር ግን ጣሪያው፣ የውጭ ግድግዳው፣ ደረጃውና ሊፍቱ፣ በጥቅሉ ሕንጻው ራሱ አሁንም የካውንስሉ ንብረት ነው። ገዢው የያዘው ለረጅም ዘመን፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ125 ዓመት፣ በፍላቱ የመጠቀም መብት ሲሆን ይህን መብት ሊሸጠው፣ ሊያወርሰውና ሊያከራየው ይችላል። በተለምዶ ሊዝሆልደር የሚባለው ይህ ባለይዞታ ችግር ላይ የሚወድቀው በአብዛኛው ራሱን ወይ እንደ ተከራይ ወይ እንደ ሙሉ ባለቤት ሲቆጥር ነው። እንደ ተከራይ ያሰበው ቦይለሩ ሲበላሽ ካውንስሉ መጥቶ እንዲሠራለት እየጠበቀ ብርዱ ይገባበታል፤ እንደ ሙሉ ባለቤት ያሰበው ደግሞ ሳያስፈቅድ ግድግዳ አፍርሶ ሳሎኑን ካሰፋ በኋላ እንደነበረ መልሰው የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ደንቦች በእንግሊዝ የሚሠራባቸው ናቸው፤ ስኮትላንድ የራሷ የሆነ ሌላ ሥርዓት አላት።

መጀመሪያ ውሉን ያንብቡ

ለማንኛውም ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ የሚገኘው ከሊዝ ውሉ ነው። ጎረቤት የሚናገረውም ሆነ የካውንስል ሠራተኛ በስልክ የሚሰጠው ማብራሪያ ከውሉ ጋር ከተጋጨ የሚጸናው ውሉ ነው። በ1980 በወጣው የቤቶች ሕግ በተዘረጋውና ራይት ቱ ባይ በሚባለው፣ የካውንስል ተከራዮች የሚኖሩበትን ቤት የመግዛት መብት የተሸጡ ፍላቶች ውል በመሠረቱ ይመሳሰላል፤ የ1985ቱ የቤቶች ሕግ ስድስተኛ ሠንጠረዥ በእያንዳንዱ ውል ውስጥ የሚካተቱትን ዋና ዋና ግዴታዎች ስለሚወስን ነው። በዝርዝሩ ግን ይለያያል። በአንድ ኮሪደር ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ፍላቶች፣ አንዱ በ1986 ሌላው በ2003 የተሸጠ ከሆነ፣ የመስኮቱ ፍሬም በአንዱ ውል የካውንስሉ፣ በሌላው የነዋሪው ሊሆን ይችላል። ፍላቱን ከካውንስሉ ሳይሆን ከቀድሞ ገዢ የገዛ ሰውም የሚተዳደረው የመጀመሪያው ገዢ በፈረመው ውል ስለሆነ፣ «እኔ ይህን አልፈረምኩም» ብሎ መከራከር አይቻልም።

የውሉ ቅጂ ከእጅዎ ከሌለ ግዢውን ያስፈጸመልዎትን ጠበቃ (ሶሊሲተር) ይጠይቁ፤ ከእሱ ዘንድ ካልተገኘም ላንድ ሬጅስትሪ ከሚባለው የንብረት መዝገብ ቤት አነስተኛ ክፍያ ከፍሎ ማውጣት ይቻላል። ውሉ በአሮጌ የሕግ እንግሊዝኛ የተጻፈ በመሆኑ ሙሉውን ማንበብ ቢከብድ እንኳ አራት ቦታዎችን ሳያነቡ አይለፉ፦ የእርስዎ ይዞታ የት እንደሚያበቃ በቀይ መስመር የሚያሳየውን ፕላን፣ የጥገና ግዴታዎቹን፣ ሰርቪስ ቻርጅ የሚባለው የአገልግሎት ክፍያ የሚሰላበትን መንገድ፣ እንዲሁም ያለ ጽሑፍ ፈቃድ የተከለከሉትን ነገሮች። ብዙ ሰው ፕላኑን ዘልሎት ያልፋል፤ በረንዳው ወይም ከደረጃው ሥር ያለው የዕቃ ማስቀመጫ የማን እንደሆነ ክርክር ሲነሳ ግን መልሱ ያለው እዚያ ቀይ መስመር ላይ ነው።

የቱ ጥገና የማን ነው?

ካውንስሉ የሕንጻውን አካልና የውጭ ክፍል የመጠገን ግዴታ አለበት። መሠረቱ፣ ሶሌታው፣ ጭነት ተሸካሚ ግድግዳዎቹ፣ ጣሪያው፣ አሸንዳው፣ የውጭ ቧንቧና የፍሳሽ መስመሩ በዚህ ውስጥ ይገባሉ፤ ሊፍት፣ የደረጃ መብራት፣ የጋራ መግቢያ በርና የበር ጥሪ መሣሪያውም እንዲሁ። ይሁን እንጂ ካውንስሉ መጠገን አለበት ማለት ከራሱ ኪስ ይከፍላል ማለት አይደለም፤ ሥራውን አሠርቶ የእርስዎን ድርሻ ይጠይቃል።

ከፍላቱ ውስጥ ያለው የእርስዎ ነው። የግድግዳ ልስንና ቀለም፣ የውስጥ በሮች፣ ኩሽናና መታጠቢያ ቤት፣ ፍላትዎን ብቻ የሚያገለግሉ የውሃ ቧንቧዎች፣ ቦይለርና የኤሌክትሪክ መስመር በሙሉ የራስዎ ኃላፊነት ናቸው። ማሞቂያው ከአንድ የጋራ ቦይለር ለሁሉም ፍላት የሚሰራጭ ከሆነ ግን ውሉን መመልከት ያስፈልጋል፤ ራዲያተሩ የእርስዎ፣ ዋናው መስመር የካውንስሉ የሚሆንበት ብዙ ጊዜ ነው።

ከሁሉም በላይ ጭቅጭቅ የሚያስነሳው የውሃ ፍሳሽ ነው። በመታጠቢያ ገንዳው ዙሪያ ያለው ሲሊኮን ተላቅቆ ውሃው በሴራሚኩ ሥር ለወራት ሲሰርግ ይቆይና አንድ ቀን ከታች ባለው ሰው ጣሪያ ላይ ቢጫ ክብ ሆኖ ይወጣል። ቸልተኝነት ከተረጋገጠ የታችኛውን ቤት ጉዳት የሚከፍለው የላይኛው ባለይዞታ ነው። ውሃው የሚመጣው ወደ እርስዎ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያ ከላይ የሚኖረው ተከራይ ይሁን ሊዝሆልደር ያጣሩ፤ ተከራይ ከሆነ ካውንስሉ ባለንብረቱ ስለሆነ ጥገናው የእሱ ነው፤ ሊዝሆልደር ከሆነ ግን የሚጠየቀው ጎረቤትዎ ራሱ ነው። በሁለቱም ሁኔታ ምንም ነገር ከማስጠገንዎ በፊት ፎቶግራፍ ያንሱ፣ ለካውንስሉ በጽሑፍ ያሳውቁ፣ የማመልከቻ ቁጥሩንም ይያዙ።

የሕንጻውን ኢንሹራንስ በአብዛኛው የሚገባው ካውንስሉ ሲሆን ዓረቦኑ በአገልግሎት ክፍያው ውስጥ ተካትቶ ይመጣል። ይህ ኢንሹራንስ ግድግዳና ጣሪያን እንጂ ሶፋን፣ ቴሌቪዥንንና ልብስን አይሸፍንም፤ ለዕቃ የሚሆነውን በራስዎ መግባት ይኖርብዎታል። የፖሊሲውን ማጠቃለያ ካውንስሉን ጠይቀው በእጅዎ ቢያደርጉ መልካም ነው፤ በውሃ ፍሳሽ ለደረሰ ጉዳት መጀመሪያ ከኪስ የሚከፈለው ምን ያህል እንደሆነ የሚታወቀው ከዚያ ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። ከኦክቶበር 2025 መጨረሻ ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለውና ባለንብረቱ ሻጋታንና እርጥበትን በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲያስወግድ የሚያስገድደው፣ የአዋብ ሕግ በመባል የሚታወቀው ድንጋጌ፣ የሚሠራው ለተከራዮች ነው። ጎረቤትዎ ተከራይ ሆኖ በዚህ ሕግ ተጠቅሞ ቢሆን እርስዎ በዚያው ሕግ መጠየቅ አይችሉም፤ እርጥበቱ የመጣው ከተበላሸ አሸንዳ ወይም ከውጭ ግድግዳ ከሆነ ግን በሊዝ ውሉ የጥገና ግዴታ መሠረት ካውንስሉን መጠየቅ ይችላሉ።

ሰርቪስ ቻርጅ፦ ሂሳቡን እንዴት እንደሚመረምሩ

የካውንስሎች የሂሳብ ዓመት በፈረንጆቹ ኤፕሪል 1 ተጀምሮ ማርች 31 ያበቃል። በዓመቱ መጀመሪያ የሚላከው ግምት ነው፤ ዓመቱ ካለቀ ከወራት በኋላ ደግሞ ትክክለኛው ወጪ ተሰልቶ ልዩነቱ ወይ ይጨመርብዎታል ወይ ይመለስልዎታል። ብዙ ሰው ግምቱን ከፍሎ ሁለተኛውን ደብዳቤ ሳይከፍት ያስቀምጠዋል። መመርመር ያለበት ግን በዋናነት ሁለተኛው ነው።

ድርሻው የሚሰላበት መንገድ ከካውንስል ካውንስል ይለያያል፦ በፍላቶች ቁጥር እኩል፣ በወለል ስፋት፣ ወይም በመኝታ ክፍል ብዛት ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ አሥራ ሁለት ፍላት ያሉትን አንድ ሕንጻ እንውሰድ፤ ስድስቱ ባለ አንድ፣ ስድስቱ ባለ ሦስት መኝታ ናቸው እንበል። በውሉ መሠረት ባለ አንዱ 4 ነጥብ፣ ባለ ሦስቱ 6 ነጥብ ከተሰጠው ድምሩ 60 ነጥብ ይሆናል። የጣሪያ ጥገናው 6,000 ፓውንድ ከፈጀ አንዱ ነጥብ 100 ፓውንድ ሲሆን፣ ባለ አንድ መኝታው 400፣ ባለ ሦስቱ 600 ፓውንድ ይከፍላል። እዚህ ላይ የሚጣራው የላይኛው ቁጥር ብቻ አይደለም፤ 60 የሚለው ቁጥር በሕንጻው ውስጥ ያሉትን ፍላቶች በሙሉ፣ በካውንስሉ ተከራዮች የተያዙትንም ጨምሮ መቁጠር አለበት። የተከራዮቹን ድርሻ የሚሸፍነው ካውንስሉ ነው እንጂ ለሊዝሆልደሮች አይከፋፈልም።

ሌላው ሊመረመር የሚገባው የሕንጻው ወጪና የእስቴቱ (ሕንጻዎቹ በጋራ ያሉበት ግቢ) ወጪ የተለዩ መሆናቸው ነው። ሣር ማጨድና የግቢ መብራት ለመላው እስቴት ሲከፋፈል፣ የሊፍት ጥገና ግን ሊፍቱ ላለበት ሕንጻ ብቻ ነው። በሌላ ሕንጻ የተሠራ ሥራ በስህተት ወደ እርስዎ ሂሳብ ሊገባ ስለሚችል የጥገና ዝርዝሩን አስልከው አድራሻውን አንድ በአንድ ይመልከቱ።

ሕጉ በዚህ ረገድ የሚሰጣቸው መብቶች ጠንካሮች ናቸው። በ1985 የወጣው የባለንብረትና ተከራይ ሕግ አንቀጽ 19 እንደሚለው ወጪው ምክንያታዊ ሆኖ የወጣና ሥራውም ተገቢውን ደረጃ የጠበቀ እስከሆነ ድረስ ብቻ ይከፈላል። በአንቀጽ 21 መሠረት የወጪውን ማጠቃለያ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፤ ማጠቃለያው በደረሰዎ በስድስት ወር ውስጥ ደግሞ በአንቀጽ 22 መሠረት ደረሰኞቹን ራሳቸውን አይቶ ቅጂ መውሰድ መብትዎ ነው። የክፍያ መጠየቂያው የሊዝሆልደርን መብትና ግዴታ የሚያስረዳ ማጠቃለያ አብሮት ካልመጣ እስኪመጣ ድረስ ክፍያውን መያዝ ይቻላል። የአሥራ ስምንት ወሩም ደንብ አለ፦ ወጪው ከወጣ ከ18 ወር በላይ ቆይቶ የተጠየቀ ሂሳብ፣ ካውንስሉ በዚያ ጊዜ ውስጥ ወጪው መውጣቱንና ወደፊት እንደሚጠየቁበት በጽሑፍ አሳውቆ ካልነበረ በስተቀር፣ አይከፈልም። ስለዚህ ቀኑን ሳያዩ መክፈል አይገባም።

ያልተስማሙበትን ሂሳብ ሙሉ በሙሉ መከልከል ግን የሚመከር አይደለም። የማያከራክረውን ክፍል ከፍሎ ቀሪውን ለምን እንደማይቀበሉ በጽሑፍ ማስረዳት ይሻላል፤ ሙሉውን ቢከፍሉም እንኳ ሕጉ መክፈል ብቻውን እንደ ማመን እንደማይቆጠር በግልጽ ስለሚደነግግ በኋላ እንዲህ ያለውን የክፍያ ክርክር ወደሚወስነው ትሪቡናል ከመሄድ አያግድዎትም።

ከባድ የእድሳት ሥራና የሴክሽን 20 ደብዳቤ

ሊዝሆልደርን እንቅልፍ የሚነሳው ሜጀር ወርክስ የሚባለው የጣሪያ፣ የመስኮት፣ የሊፍት ወይም የውጭ ግድግዳ እድሳት ነው። ሂሳቡ በአሥር ሺዎች ሊቆጠር ይችላል። ሆኖም ክርክሩ የሚሸነፈው ወይም የሚረታው ሂሳቡ ሲመጣ ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ ሴክሽን 20 (የ1985ቱ የባለንብረትና ተከራይ ሕግ አንቀጽ 20) የሚል ርእስ ያለው ደብዳቤ በደረሰበት ወር ነው።

ከአንድ ሥራ ማንኛውም ሊዝሆልደር ከ250 ፓውንድ በላይ የሚጠየቅ ከሆነ ካውንስሉ አስቀድሞ ማማከር አለበት። ከላይ ባየነው ምሳሌ ባለ አንድ መኝታው እንኳ 400 ፓውንድ ስለሚደርስበት ምክክሩ ግዴታ ይሆናል። ከአሥራ ሁለት ወር በላይ የሚቆይ የሥራ ተቋራጭ ውል ሲሆን ደግሞ መነሻው በዓመት 100 ፓውንድ ነው። በተለመደው አካሄድ መጀመሪያ የሥራውን ሐሳብ የሚገልጽ ማስታወቂያ ይላክና የ30 ቀን ጊዜ ይሰጣል፤ ቀጥሎ የዋጋ ግምቶቹ ቀርበው ሌላ 30 ቀን ይሰጣል።

ካውንስሎች ግን ከተቋራጮች ጋር አስቀድመው የረጅም ጊዜ ውል ስለሚፈራረሙ፣ ለአንድ ሕንጻ ሥራ የሚመጣው ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ከሌላ ተቋራጭ ዋጋ የማቅረብም ዕድል የለም። ይህ ለነዋሪው የማይመች አሠራር ቢሆንም ሕጋዊ ነው። የሚያስከትለው ነገር አንድ ነው፦ ያለዎት 30 ቀን ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ለላኩት አስተያየት ካውንስሉ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መመለስ ይኖርበታል።

አስተያየቱ «ዋጋው በዛ» የሚል ብቻ ከሆነ የሚመጣው መልስም የተለመደ ደብዳቤ ይሆናል። ይልቅ ቁጥርና ሰነድ የሚጠይቅ ይሁን። ሥራው ያስፈለገው በየትኛው የምርመራ ሪፖርት ነው? የሪፖርቱ ቅጂ ይላክልን። ጣሪያው ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው መቼ ነበር፣ የተሰጠውስ ዋስትና ጊዜው አልፏል ወይ? ሁሉንም መስኮት መቀየር ለምን አስፈለገ፣ የተበላሹትን ብቻ መጠገን ምን ያህል ያስወጣል? ስካፎልዲንጉ ለስንት ሳምንት ይቆማል፣ በሳምንት ስንት ይታሰባል? የካውንስሉ የአስተዳደር ክፍያና የባለሙያ ክፍያ በመቶኛ ስንት ነው? ከመንግሥት የተገኘ ድጎማ አለ ወይ? እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ጎረቤቶች ተሰባስበው ቢጽፉት፣ እያንዳንዱም በስሙ ፈርሞ ቢልከው የበለጠ ክብደት ይኖረዋል። ጣሪያውንና መስኮቶቹን ከውጭም ከውስጥም ፎቶ ያንሱ፤ ሥራው ከተጀመረ በኋላ አሮጌው ጣሪያ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ አይገኝም።

ካውንስሉ ሳያማክር ቢያሠራ ከእያንዳንዱ ሊዝሆልደር ከ250 ፓውንድ በላይ መጠየቅ አይችልም፤ ትሪቡናሉ ከምክክሩ ግዴታ ነጻ ካደረገው ግን ይህ ገደብ ይነሳል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 በሰጠው ውሳኔ ይህን ነጻነት ለመስጠት የሚታየው ዋና ጥያቄ ሊዝሆልደሮቹ በምክክሩ ጉድለት ምን ተጎዱ የሚለው እንደሆነ አስቀምጧል። ስለዚህ «ሥርዓቱ ተጥሷል» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ቢጠይቁኝ ኖሮ ይህን እል ነበር፣ ይህንንም ገንዘብ አተርፍ ነበር ማለት መቻል ያስፈልጋል።

ጥገናን ከማሻሻያ መለየትም ይጠቅማል። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2017 የሃውንስሎው ካውንስልን በሚመለከት በወሰነው ጉዳይ፣ ባለንብረቱ ግዴታው ከሆነው ጥገና አልፎ በራሱ ምርጫ ማሻሻያ ሲያደርግ ለሊዝሆልደሮቹ አስተያየትና ለከፋዮቹ አቅም የበለጠ ትኩረት መስጠት እንዳለበት አስረድቷል። ውሉ ማሻሻያን ጭራሽ የማያስከፍል ከሆነ ደግሞ ክርክሩ ከዚያው ይጀምራል።

ሂሳቡን የሚገድቡ ጥበቃዎችም አሉ። በራይት ቱ ባይ በቀጥታ ከካውንስሉ የገዛ ሰው በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለጥገና ሊጠየቅ የሚችለው፣ ከግዢው በፊት በተሰጠው የሽያጭ ማስታወቂያ ላይ በተገመተው መጠንና በዋጋ ንረት ጭማሪ የተወሰነ ነው፤ ያንን ማስታወቂያ መጣል ትልቅ ኪሳራ ነው። የፍሎሪ ሕግ በመባል የሚታወቀው የ2014 መመሪያ ደግሞ ሥራው በማዕከላዊ መንግሥት ድጎማ ሲሠራና ፍላቱ የባለይዞታው ዋና መኖሪያ ሲሆን፣ በአምስት ዓመት ውስጥ የሚጠየቀውን በለንደን በ15,000፣ ከለንደን ውጭ በ10,000 ፓውንድ ይገድበዋል። ካውንስሉ ሥራውን ከራሱ በጀት ሲያሠራ ይህ ገደብ አይሠራም፤ ከላይ ስለ ድጎማው እንዲጠይቁ የተመከረው ለዚህ ነው።

መክፈል ካልቻሉ ዝም አይበሉ። አብዛኞቹ ካውንስሎች በየወሩ የሚከፈል ስምምነት ይገባሉ፤ አንዳንዶች ዕዳው በንብረቱ ላይ ተመዝግቦ ሲሸጥ እንዲከፈል ይፈቅዳሉ። ውሉ ከተሰጠ አሥር ዓመት ያልሞላው ከሆነ ደግሞ በሕግ የተደነገገ የብድር መብት ሊኖር ስለሚችል በጽሑፍ ይጠይቁ።

የእሳት ደኅንነት

ሰኔ 2017 በሰሜን ኬንሲንግተን የሚገኘው፣ የካውንስል ንብረት የነበረው የግሬንፌል ታወር ተቃጥሎ 72 ሰዎች ሞተዋል፤ ከሟቾቹ መካከል ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ነዋሪዎች ነበሩበት። ከዚያ ወዲህ ሕጉ በሊዝሆልደሩ በር ላይ ሳይቀር ተለውጧል። የ2021 የእሳት ደኅንነት ሕግ የፍላት መግቢያ በሮችንና የውጭ ግድግዳዎችን በግልጽ በቁጥጥሩ ሥር አስገብቷቸዋል። ከጥር 2023 ጀምሮ ደግሞ ከ11 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ሕንጻዎች የጋራ በሮች በየሦስት ወሩ፣ የፍላት መግቢያ በሮች በየዓመቱ እንዲመረመሩ ደንቡ ያዛል።

በተግባር ይህ ማለት መግቢያ በርዎን በፈለጉት ዓይነት መቀየር አይችሉም ማለት ነው። በሩ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ እሳት የሚቋቋም፣ በራሱ የሚዘጋ፣ ዙሪያውን ጭስ የሚከለክል ማሸጊያ ያለው መሆን አለበት። ራሱን የሚዘጋውን መሣሪያ ልጆች እንዳያስቸግር ብሎ የሚነቅል ሰው ብዙ ነው፤ የበር መርማሪው ግን መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። በኮሪደር ላይ የሚቀመጡ ጋሪዎች፣ ብስክሌቶችና የጫማ መደርደሪያዎችም እንዲነሱ ይታዘዛል።

ሕንጻው ቢያንስ 11 ሜትር ከፍታ ወይም አምስት ፎቅ ካለው የ2022ቱን የሕንጻ ደኅንነት ሕግ ማየት ያስፈልጋል። በፌብሩዋሪ 14 ቀን 2022 ፍላቱ የባለይዞታው ዋና መኖሪያ ከነበረ፣ ወይም ባለይዞታው በዩናይትድ ኪንግደም ከሦስት የማይበልጡ ቤቶች ከነበሩት፣ አደገኛ የውጭ ግድግዳ ልባስ ለመቀየር ምንም አይከፍልም። ከሕጉ በፊት በነበሩት 30 ዓመታት ውስጥ በተሠራ ሥራ ለመጡ ሌሎች የደኅንነት ጉድለቶችም የክፍያ ጣሪያ ተቀምጧል። ይህን መብት ለማስከበር የሚሞላ የምስክር ወረቀት ስላለ ካውንስሉ ሲጠይቅ ሳይዘገዩ ይሙሉት።

መለወጥ፣ ማከራየትና መሸጥ

ግድግዳ ማፍረስ፣ መስኮት መቀየር፣ የቦይለር ጭስ ማውጫ ማውጣት፣ በብዙ ውሎች ምንጣፍ አንስቶ የእንጨት ወለል ማንጠፍ እንኳ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። አሮጌ የካውንስል ሕንጻዎች በጣሪያ ቅባቸውና በወለል ንጣፋቸው ውስጥ አዝቤስቶስ ሊኖርባቸው ስለሚችል ከመብሳትና ከመቅደድ በፊት የካውንስሉን መዝገብ መጠየቅ ለጤናም ነው። የቃል ፈቃድ ፍላቱ ሲሸጥ አይጠቅምም፤ የገዢው ሶሊሲተር ወረቀቱን ይፈልጋል።

በራይት ቱ ባይ የተሸጠን ፍላት ማከራየትን የሚከለክል የውል ቃል በሕግ ፈራሽ ነው። ሆኖም ለካውንስሉና ለሞርጌጅ ባንኩ ማሳወቅ፣ የጋዝ ምርመራ በየዓመቱ፣ የኤሌክትሪክ ምርመራ በየአምስት ዓመቱ ማስደረግ፣ የተከራዩን ማስያዣ በ30 ቀን ውስጥ በተፈቀደ ድርጅት ማስመዝገብ ግዴታ ይሆናል። ተከራዩ ቢረብሽ ወይም ውሃ ቢያፈስ ካውንስሉ የሚጠይቀው እርስዎን ነው። ሌላ ቦታ የሚኖሩ ከሆነ የመልእክት አድራሻዎን ማስቀየር አይርሱ፤ የሴክሽን 20 ደብዳቤ ወደ ፍላቱ ተልኮ በተከራዩ እጅ ቢጠፋ 30 ቀኑ አይቆምም።

በራይት ቱ ባይ ገዝቶ በአምስት ዓመት ውስጥ የሚሸጥ ሰው ሲገዛ የተደረገለትን የዋጋ ቅናሽ ይመልሳል፦ በመጀመሪያው ዓመት ሙሉውን፣ ከዚያ በየዓመቱ አንድ አምስተኛው እየቀነሰ። በአሥር ዓመት ውስጥ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ለካውንስሉ ማቅረብ አለበት። የቀድሞ የካውንስል ፍላት የሚገዛ ሰው በበኩሉ ስለ ሻጩ ውዝፍና በቀጣዮቹ ዓመታት ስለታቀዱ ሥራዎች ካውንስሉ የሚሰጠውን መረጃ ሳያይ መፈረም የለበትም።

የቀረውን ዘመንም ይቁጠሩ። በ1982 ለ125 ዓመት የተሰጠ ውል በ2107 ያበቃል፤ ሕጉ በአንድ ሕንጻ ውስጥ በኋላ የሚሰጡ ውሎች ከመጀመሪያው ጋር እኩል እንዲያበቁ ስለሚፈቅድ በ2005 የገዛ ሰውም ቀኑ ያው 2107 ሊሆን ይችላል። ከ80 ዓመት በታች ሲወርድ የማራዘሚያው ዋጋ ከፍ ይላል፣ ባንኮችም ያመነታሉ። በ1993ቱ የሊዝሆልድ ሕግ መሠረት 90 ዓመት ማስጨመር ይቻላል፤ ለዚህ ሁለት ዓመት ባለይዞታ ሆኖ የመቆየት መስፈርት ከጃንዋሪ 31 ቀን 2025 ጀምሮ ቀርቷል።

አለመግባባት ሲፈጠር

በግል ባለንብረት ሕንጻ ያሉ ሊዝሆልደሮች አስተዳደሩን ራሳቸው ለመረከብ የሚጠቀሙበት የ2002ቱ ሕግ በካውንስል ሕንጻ ላይ አይሠራም። ነዋሪዎች ተደራጅተው የተከራዮችና የሊዝሆልደሮች አስተዳደር ድርጅት ማቋቋም ግን ይችላሉ። ከዚያ ያነሰ ድካም ያለው እውቅና ያለው የነዋሪዎች ማኅበር ማቋቋም ነው፤ እንዲህ ያለው ማኅበር ሂሳቡን የሚመረምር ሰርቬየር (የሕንጻ ባለሙያ) የመሾም መብት አለው።

ቅሬታ ሁለት መንገድ አለው፤ መንገዶቹን ማደባለቅ ጊዜ ያባክናል። የአሠራር ጉድለት፣ ማለትም የዘገየ ጥገና፣ መልስ ያላገኘ ደብዳቤ፣ ያልተገባ አያያዝ ከሆነ በካውንስሉ የቅሬታ ሥርዓት ይጀምሩ። ካውንስሉ በአምስት የሥራ ቀን መቀበሉን ማሳወቅ፣ ከዚያም በመጀመሪያው ደረጃ በአሥር፣ በሁለተኛው በሃያ የሥራ ቀን መመለስ አለበት። የመጨረሻው መልስ ካላረካዎ በ12 ወር ውስጥ ወደ ቤቶች እንባ ጠባቂው ያለ ክፍያ መሄድ ይቻላል። ጥያቄው የገንዘቡ መጠን ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚል ከሆነ ግን የሚወስነው የመጀመሪያ ደረጃ ትሪቡናል የንብረት ችሎት ነው። ከማመልከትዎ በፊት ሊዝ በሚል ምህጻር ከሚታወቀው፣ በመንግሥት ከሚደገፈው የሊዝሆልድ አማካሪ ተቋም ነጻ ምክር ያግኙ።

ውዝፍ ክፍያን ችላ ማለት ቤት እስከማሳጣት ሊደርስ ይችላል። ካውንስሉ ውሉን ለማፍረስ ከመነሳቱ በፊት ዕዳው በእርስዎ መታመን ወይም በፍርድ ቤት አልያም በትሪቡናል መረጋገጥ አለበት፤ ዕዳው ከ350 ፓውንድ ያነሰና ከሦስት ዓመት ያልበለጠ ከሆነም ውል አያፈርስም። በተግባር ግን አብዛኛውን ጊዜ ካውንስሉ የሞርጌጅ ባንኩን ያነጋግራል፣ ባንኩ ከፍሎ በብድሩ ላይ ይጨምረዋል፣ እርስዎም ለዓመታት ወለድ ይከፍሉበታል።

ወደ ትሪቡናል ሲያመለክቱ ጠበቃ የግድ አይደለም፤ አስተርጓሚ የሚያስፈልግዎ ከሆነ በማመልከቻው ላይ አስቀድመው ይግለጹ፣ ገቢዎ ዝቅተኛ ከሆነም ከክፍያው ለመቀነስ ይጠይቁ። ውሉን፣ የክፍያ መጠየቂያዎቹን፣ የሴክሽን 20 ደብዳቤውንና የሰጡትን መልስ፣ ፎቶዎቹን በቀን ቅደም ተከተል አደራጅተው የትኛውን የሂሳብ መስመር በምን ምክንያት እንደሚቃወሙ በቁጥር ያስቀምጡ። በዚያው ማመልከቻ በ1985ቱ የባለንብረትና ተከራይ ሕግ አንቀጽ 20ሲ እና በ2002ቱ ሕግ በአሥራ አንደኛው ሠንጠረዥ አንቀጽ 5ኤ መሠረት ትእዛዝ እንዲሰጥልዎ ይጠይቁ፤ ይህ ካልተጠየቀና ውሉ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ቢረቱም እንኳ ካውንስሉ ለክርክሩ ያወጣውን የሕግ ወጪ በሚቀጥለው ዓመት ሰርቪስ ቻርጅ ውስጥ አስገብቶ ከእርስዎና ከጎረቤቶችዎ ሊጠይቅ ይችላል።